የራስን ሳይለኩ የሰውን መጎብኘት ትርፉ ድካም ነው

በኢትዮጵያ የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅቶች ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ የማይጠፋ አንድ መስመር አለ፤ «የልምድ ልውውጥ» የሚለው። በጀት ይያዝለታል፣ ቡድን ይሰየምለታል፣ አበል ይታሰብለታል። ተጓዦቹ የሰው ፋብሪካ ወይም ቢሮ ዞረው ያያሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ሲመለሱም «ብዙ ተምረናል» የሚል ሪፖርት ይጽፋሉ። ከስድስት ወር በኋላ ግን «ምን ተለወጠ?» ተብሎ ቢጠየቅ በቁጥር የሚመልስ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጉዞው በፊት የድርጅቱ የራሱ ሥራ ተለክቶ አያውቅም። ያልተለካ ሥራ ደግሞ መሻሻሉም ሆነ መባሱ አይታወቅም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት የተነገረ ይመስላል።

በአስተዳደር ሙያ «ቤንችማርኪንግ» የሚባለው አሠራር ከጉብኝት የተለየ ነገር ነው። ቃሉ የመጣው ከመሬት ቀያሾች ነው። ቀያሽ የአንድን ቦታ ከፍታ ከመለካቱ በፊት ከፍታው አስቀድሞ የታወቀ ቋሚ ምልክት ይፈልጋል፤ ሌላውን ሁሉ የሚለካው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በድርጅት ውስጥም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አንድ ሥራ ይመረጣል። ቀጥሎ ያ ሥራ በራስ ቤት ስንት ሰዓት፣ ስንት ብርና ስንት ብልሽት እንደሚፈጅ ይለካል። ከዚያ ያንኑ ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሚሠራው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራው ይጠናል። በመጨረሻም የራስ አሠራር ይለወጥና እንደገና ይለካል። በኢትዮጵያ «ምርጥ ተሞክሮ መቀመር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ደረጃዎች ሦስተኛውን ብቻ ያነሣል፤ እርሱንም በግማሹ።

ይህ የስም ክርክር አይደለም። ለረጅም ዓመታት በሕግ ተከልለው የቆዩ የኢትዮጵያ ገበያዎች በየተራ እየተከፈቱ ነው። በቴሌኮም ዘርፍ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች በአገር ውስጥ እንዲሠሩ የሚፈቅደው የባንክ ሥራ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ለዓመታት ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ ተጠብቀው የቆዩት የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ሥራዎችም በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት በር ተከፍቶባቸዋል። ከውጭ የሚመጣ ተፎካካሪ ገበያውን ሳያጠና አይገባም። የአገሬውን ድርጅት ወጪ፣ ፍጥነትና ድክመት ለክቶ ነው የሚመጣው። ራሱን ያልለካ ድርጅት ሌላው ይለካዋል ማለት ነው።

ዜሮክስ ከመጋዘን የተማረው

ቤንችማርኪንግ ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ስም ያወጣው የአሜሪካው የፎቶ ኮፒ መሣሪያ አምራች ዜሮክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1959 «914» የተባለውን መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ለዓመታት ተወዳዳሪ አልነበረውም። በ1970ዎቹ ግን የጃፓን አምራቾች ያነሰ ዋጋ ይዘው መጡ። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ጉዳዩን ሲመረምር ያገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ጃፓኖቹ መሣሪያዎቻቸውን የሚሸጡበት ዋጋ ዜሮክስ የራሱን ለማምረት ብቻ ከሚያወጣው ወጪ ጋር እኩል ነበር። ይህንን ለማረጋገጥ የረዳው በጃፓን የሚገኘው አጋር ኩባንያ፣ ፉጂ ዜሮክስ ነው።

በዚህ ጊዜ ኩባንያው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው መንግሥት ከውጭ ውድድር እንዲከልለው መጮኽ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን የሥራ ክፍል ከተሻለው ጋር ማመዛዘን ነው። የመረጠው ሁለተኛውን ነው። የተፎካካሪዎች መሣሪያዎች እየተፈቱ ክፍላቸው ሁሉ ተመረመረ፣ ወጪያቸውም ተሰላ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የመጋዘኑ ታሪክ ነው። የዜሮክስ የዕቃ ማከፋፈያ ክፍል የመለዋወጫ ዕቃ ከመደርደሪያ እየለቀመ ለደንበኛ ማድረስ ሥራው ነበር። ይህን ሥራ ለማሻሻል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሌላ ፎቶ ኮፒ አምራች አይደለም፤ ሜይን በተባለው የአሜሪካ ግዛት ልብስ፣ ጫማና የጫካ ጉዞ ዕቃ በፖስታ ትእዛዝ ወደሚሸጠው ኤል ኤል ቢን ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱ የሚገናኙበት ነገር የለም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቅርጹና ክብደቱ የተለያየ፣ በማሽን ለማንሣት የማይመች ዕቃ በሰው እጅ ይለቅማሉ። የኤል ኤል ቢን ሠራተኛ ግን በቀን የሚለቅመው ከዜሮክስ ሠራተኛ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር።

ምስጢሩ ውድ መሣሪያ አልነበረም። ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ዕቃ ለማሸጊያው ቦታ ቅርብ ሆኖ ይቀመጣል፤ አልፎ አልፎ የሚጠየቀው ወደ ኋላ ይሄዳል። ትእዛዞችም ሠራተኛው መንገድ እንዳይደጋግም ተደርገው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። መርካቶ ውስጥ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ብቻ ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል። ሰፊ መጋዘን ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው የሚዘነጉት። የዜሮክሱ ባለሙያ ሮበርት ካምፕ ይህን ሁሉ ልምድ እ.ኤ.አ. በ1989 በመጽሐፍ አሳተመው። በዚያው ዓመት የኩባንያው አንድ ዘርፍ ማልኮም ባልድሪጅ የተባለውን የአሜሪካ ብሔራዊ የጥራት ሽልማት አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛ፣ ልኬቱ የሚጀምረው ከሥራው እንጂ ከኩባንያው ስም አይደለም። ሁለተኛ፣ የተሻለ አሠራር የሚገኘው የግድ ከተፎካካሪ ዘንድ አይደለም። «ተፎካካሪያችን በሩን አይከፍትልንም» የሚለው የተለመደ ምክንያት ስለዚህ ብዙ አያስኬድም። ባንክ ስለ ወረፋ አያያዝ ከሆስፒታል፣ ሆስፒታል ስለ ዕቃ አያያዝ ከመድኃኒት አከፋፋይ ሊማር ይችላል።

የአገር ውስጡ ልዩነት ምን ይላል?

«እነርሱ አሜሪካና ጃፓን ናቸው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እንግዲያው ወደ አገር ቤት ቁጥር መመለስ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የአፍሪካ ቀላል ማኑፋክቸሪንግ ጥናት ኢትዮጵያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ከቻይናና ከቬትናም ጋር ተመዛዝነው ነበር። የተመረጡት ዕቃዎች ተራ ናቸው፤ ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ የቆዳ ጫማ፣ የእንጨት ወንበር፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ዱቄት። የተለካው አንድ ሠራተኛ በቀን ምን ያህል ያመርታል የሚለው ነው። ቁጥሮቹ የዚያን ጊዜ ቢሆኑም የሚሰጡት ትምህርት አላረጀም።

በቲሸርት የቻይና ፋብሪካዎች በአንድ ሠራተኛ በቀን ከ18 እስከ 35፣ የቬትናም ከ8 እስከ 14፣ የኢትዮጵያ ደግሞ ከ7 እስከ 19 ያመርቱ ነበር። በቆዳ ጫማ የቻይና ከ3 እስከ 7 ጥንድ ሲሆን የኢትዮጵያ ከ1 እስከ 7 ነበር። በእንጨት ወንበር ግን የቻይናው ከ3 እስከ 6 ሲሆን የኢትዮጵያው ከ0.2 እስከ 0.4 ብቻ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚያነባቸው «ቻይና ትበልጠናለች» ብሎ ነው። በጥሞና ሲታዩ ግን የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው። በጫማ የኢትዮጵያ ምርጡ ፋብሪካ ከቻይና ምርጡ ጋር እኩል ነው። ችግሩ እዚሁ አገር፣ በተመሳሳይ የቆዳ ገበያ፣ በተመሳሳይ መብራትና በተመሳሳይ ሕግ የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ የዚያን አንድ ሰባተኛ ብቻ ማምረቱ ነው። በቲሸርትም የኢትዮጵያ የተሻለው ፋብሪካ የቬትናምን የተሻለ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የኋለኛው ጫማ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ወደ ጓንግዡ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጎረቤት አለው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። የአገር ውስጡን ምርጥ መከተል ብቻ ለብዙ ድርጅቶች ምርታቸውን የሚያባዛ ሥራ ነው።

ወንበሩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የአገር ውስጡ ምርጥ 0.4 ከሆነ እርሱን መከተል ከንቱ ነው። እዚህ ላይ የግድ ከአገር ውጭ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ጫማ ሠሪው ሳያስፈልገው ባሕር ይሻገራል፤ ወንበር ሠሪው ደግሞ ከጎረቤቱ ትንሽ በመብለጡ ይኩራራል። የት መሄድ እንደሚገባ የሚነግረው ልኬቱ እንጂ የጉዞ ወኪሉ አይደለም።

አንድ ወንበር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ነገሩን ለማብራራት አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት በምሳሌነት ይወሰድ። 10 ሠራተኞች አሉት እንበል፤ በቀን 8 ሰዓት ይሠራሉ፣ 3 ወንበር ያወጣሉ። ይህ በአንድ ሠራተኛ 0.3 ወንበር ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ወንበር ወደ 27 የሰው ሰዓት ይፈጃል። በቻይና ከ3 እስከ 6 የሚያመርት ሠራተኛ ለአንዱ ወንበር የሚያጠፋው ከ3 ሰዓት በታች ነው።

ባለቤቱ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ለአንድ ሳምንት ወረቀትና እርሳስ ይዞ 27ቱ ሰዓት የት እንደሚሄድ መመዝገብ ነው። ሰው በእውነት ወንበሩ ላይ የሚሠራው 9 ሰዓት ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? የቀረው 18 ሰዓት ተከፋፍሎ ይታያል እንበል፦ ጣውላ እስኪመጣ መጠበቅ 5፣ የመሰንጠቂያና የመላጊያ ማሽን ወረፋ 6፣ እርጥብ ጣውላ ተጣሞ የተበላሸውን እንደገና መሥራት 4፣ መሣሪያና ልኬት ፍለጋ 3። እነዚህን 18 ሰዓቶች ለመቀነስ ቻይና መሄድ አያስፈልግም። ከተሰናበቱ በኋላ ቀሪው 9 ሰዓት ከቻይናው ጋር ሲመዛዘን ነው ጉዞው ትርጉም የሚኖረው። ተጓዡም የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ጣውላውን እንዴት ያደርቁታል? የወንበሩን እግር አንድ በአንድ ሳይለኩ እንዴት ያወጡታል? ማን የትኛውን ክፍል ብቻ ይሠራል?

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚመዛዘኑት ነገሮች ተመሳሳይ መሆን አለባቸው። በትእዛዝ በቀን ሦስት ዓይነት ወንበር የሚሠራ ድርጅት አንድ ዓይነት ወንበር በሺህ ከሚያመርት ፋብሪካ ጋር በቀጥታ ቢወዳደር ራሱን ያታልላል። በዚያው ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ የጣውላ ዋጋ ከቻይናው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ይህን አናጢው በጥረቱ አያስተካክለውም፤ የደን፣ የጉምሩክና የትራንስፖርት ፖሊሲ ጉዳይ ነው። ልኬት ሌላም ጥቅም አለው የሚባለው ለዚህ ነው። የድርጅቱን ጥፋት ከመንግሥት ጥፋት ይለያል። «መብራት ይጠፋል፣ የውጭ ምንዛሪ የለም» እያለ ሁሉንም ችግር በአንድ ጆንያ የሚከት ባለሀብት መንግሥት ፊት ሲቀርብ የሚታመነው ያነሰ ነው። «ከ27 ሰዓት ውስጥ 5ቱን ያጣሁት በጣውላ እጥረት ነው» ብሎ መዝገብ የሚያወጣው ግን ይደመጣል።

እንዲህ ያለው ልኬት በአገሪቱ ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው የካይዘን አሠራር መነሻው ይኸው ነው፤ ቦታን ማጣራት፣ ዕቃን ማደራጀት፣ ብክነትን መቁጠር። ካይዘን የራስን ቤት ያጸዳል፣ ቤንችማርኪንግ የሰውን ቤት ያሳያል። ሁለቱ ሲነጣጠሉ ሁለቱም ይሰነካከላሉ።

ሁለት መዝገብ

ልኬትን የሚያደናቅፍ፣ በአደባባይ ግን የማይነገር አንድ እንቅፋት አለ። በገበያው ውስጥ ሁለት መዝገብ መያዝ የተለመደ ነው፤ አንዱ ለግብር፣ ሌላው ለባለቤቱ። ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ መዝገብ የተባለው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። እንዲህ ባለ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛው እውነተኛውን ወጪ አያውቅም፤ የምርት ኃላፊው ሽያጩን አያውቅም፤ ባለቤቱም የሚያውቀው በወሩ መጨረሻ የተረፈውን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ከሌላው ጋር የሚያመዛዝነው ቁጥር ከየት ይመጣል? ቁጥሩን ከግብር ሰብሳቢ ለመደበቅ ሲል ከራሱም ደብቆታል።

መፍትሔው ከሰዓትና ከብልሽት መጀመር ነው። አንድ ትእዛዝ ስንት ቀን ፈጀ፣ ከመቶ ስንቱ ተበላሽቶ ተመለሰ፣ ደንበኛ ስንት ደቂቃ ወረፋ ያዘ የሚሉት ቁጥሮች ከግብር ጋር አይገናኙም፤ የሚያስፈራም ነገር የላቸውም። የባንክና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ ይህ ችግር አያሳስባቸውም። በኦዲተር የተመረመረ ሂሳባቸው በየዓመቱ ስለሚታተም የአንዱን ወጪ ከሌላው ገቢ አንጻር ማመዛዘን ለሚፈልግ ሰው መረጃው እጁ ላይ ነው። የሚገርመው በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ የሚነሣው ጥያቄ «የትርፍ ድርሻችን ስንት ነው?» የሚለው ላይ ማተኮሩ ነው። «ለአንድ ብር ገቢ ከጎረቤት ባንክ ይልቅ ለምን ብዙ እናወጣለን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለአክሲዮን ቢገኝ የውጭው ባንክ ከመምጣቱ በፊት ሥራ አመራሩን ያነቃ ነበር።

ቁጥር ሲመለክ

በሌላ በኩል ልኬት ራሱ ግብ ሲሆን አደጋ አለው። የዓለም ባንክ «ዱይንግ ቢዝነስ» በሚል ስም በየዓመቱ ያወጣው የነበረው የአገሮች ደረጃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2020ው ሪፖርት ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። ብዙ መንግሥታት ደረጃቸውን ለማሻሻል ኮሚቴ እስከማቋቋም ደርሰው ነበር። ይሁን እንጂ በ2018 እና በ2020 ሪፖርቶች ውስጥ የአንዳንድ አገሮች መረጃ ያለ አግባብ መለወጡ ስለተደረሰበት ባንኩ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አቋርጦታል። ዋናው ነገር ደረጃው ሲሆን ሥራው ይረሳል፤ ሥራው ሲረሳ ቁጥሩ ይዋሻል።

በአገር ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የተባለው፣ ሲካሄድ ከሌላ አገር አሠራር ጋር ማመዛዘን የጥናቱ አንድ አካል ነበር። «ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል» የሚል ሰሌዳም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰሌዳው ዛሬም ብዙ ቦታ አለ። ባለጉዳዩ ግን ሰሌዳውን እያነበበ ግማሽ ቀን ይቆማል። ደረጃው ተቀዳ፤ ደረጃውን የሚያስገኘው አሠራር ግን አብሮ አልመጣም።

የዜሮክስ ታሪክም ራሱ ማስጠንቀቂያ አለው። በ1989 የተሸለመው ኩባንያ በ2000 ገደማ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ወድቋል። የተሻለውን መከተል ወደ ኋላ የቀረን ድርጅት ከመሞት ያድናል እንጂ ነገ ምን መሸጥ እንዳለበት አይነግረውም። ሆኖም ገና ከጎረቤቱ አንድ ሰባተኛ የሚያመርት ድርጅት «መከተል ፈጠራን ይገድላል» ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ምን ይደረግ?

የድርጅት ቦርዶች ከነገ ጀምሮ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። ማንኛውም የልምድ ልውውጥ ጉዞ ከመፈቀዱ በፊት ጠያቂው ክፍል ሦስት ነገር በጽሑፍ ያቅርብ፦ የትኛው ሥራ ነው፣ ዛሬ በራሳችን ቤት ስንት ነው፣ የምንጎበኘው ድርጅት ስንት ነው ተብሎ ይታመናል። ከጉዞው በኋላም በስድስት ወር ውስጥ አራተኛ ቁጥር ይምጣ፤ አሁን ስንት ሆነ? ሦስቱን ማቅረብ ያልቻለ ክፍል ይቀመጥና መጀመሪያ ይለካ።

የዘርፍ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። የጫማ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የዱቄትና የእንጨት ሥራ አምራቾች ማኅበራት የአባሎቻቸውን ቁጥር ስም ሳይጠቅሱ ሰብስበው ለእያንዳንዱ አባል «አንተ እዚህ ነህ፣ የዘርፉ ምርጥ እዚያ ነው» የሚል አንድ ወረቀት ቢሰጡ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅማሉ። ምስጢር አይወጣም፤ የሚወጣው ልዩነቱ ነው።

የተከለለ ገበያ የራሱን ቁጥር የማያውቅን ድርጅትም ለዓመታት ያኖራል። ትርፉ ከአጥሩ እንጂ ከሥራው አልመጣምና። አጥሩ ሲነሣ ግን ስንት ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ እንደሚቀጥል የሚወስነው አንድ ወንበር፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ የባንክ ደንበኛ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ሳምንት ነው። ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።